ፍርሃት ሁሉ አይጮኽም፦ የደረሰብን ጉዳትና የአንጎላችን ምላሽ

ከባድ አደጋ የደረሰበት ሰው ከወራት በኋላም በር ሲንኳኳ ብድግ የሚል፣ እንቅልፍ የሚያጣና በትንሽ በትልቁ የሚደነግጥ ከሆነ መታመሙን መጠርጠር አያስቸግርም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ግን ሌላም አለ፤ የደረሰበትን ሲያወራ ድምፁ የማይለወጥ፣ እንባ የማይወጣው፣ ፈዝዞ የሚቀር። ቤተሰብ «እሱስ ጠንካራ ነው፣ ረስቶታል» ይላል። እውነት ረስቶታል?

ድኅረ አሰቃቂ ክስተት ጭንቀት (በተለምዶ ፒቲኤስዲ) በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ በይፋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በሕመሙ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሷቸው ሦስት የአንጎል ክፍሎች አሉ። አሚግዳላ አደጋ ሲሸተው ደወል ይደውላል። ሂፖካምፐስ የሆነውን ነገር ከጊዜና ከቦታ ጋር አያይዞ ያስቀምጣል፤ «ይኼ የድሮ ነው፣ አሁን አይደለም» እንድንል የሚረዳን እሱ ነው። ከግንባራችን ጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ፣ በተለይ መካከለኛው ክፍሉ፣ ደወሉን የሚያበርድ ፍሬን ነው።

ካናዳዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሩት ላኒየስና ባልደረቦቿ ታማሚዎች ኤምአርአይ ውስጥ ተኝተው የገዛ ታሪካቸው እንዲነበብላቸው አደረጉ። 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ነገሩ እንደ አዲስ የደረሰባቸው ያህል ተሰማቸው፤ የልብ ምታቸውም ጨመረ። በእነዚህ ሰዎች ፍሬኑ ይላላል፣ አሚግዳላ ያለ ልክ ይሠራል። 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ግን ደነዘዙ፣ ከሰውነታቸው የወጡ መሰላቸው፤ የልብ ምታቸውም አልጨመረም። እዚህ የታየው የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ተይዟል። ዝም ያለው ሰው አልረሳም ማለት ነው፤ አንጎሉ ስሜቱን አፍኖ ይዞታል።

ማን ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የጉዳቱ ዓይነት ነው። መደንዘዙ ጎልቶ የሚታየው በልጅነታቸው ተደጋጋሚ ጥቃት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ነው። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። የመኪና አደጋ አንድ ጊዜ ደርሶ ያልፋል። የሚያበላውና የሚያሳድገው ሰው የሚደበድበው ልጅ ግን ሮጦ አያመልጥም፣ ታግሎም አያሸንፍም፤ የቀረው መሸሻ ወደ ውስጥ ነው። የአሜሪካው መመሪያ ይህን የመደንዘዝ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 ለብቻው ለይቶ አስፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ከተራዘመና ከተደጋገመ ስቃይ ጋር የሚያያዘውን «ውስብስብ ፒቲኤስዲ» ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎታል።

ነገሩ ከዚህም ይረቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በ51 ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት በልጅነታቸው የፆታ ጥቃት በደረሰባቸው ላይ፣ ከብልት አካባቢ የሚመጣውን ስሜት የሚቀበለው የአንጎል ቅርፊት ሳስቶ አግኝቷል። በስድብና በማዋረድ ባደጉት ላይ የሳሳው ደግሞ ስለ ራስ ከማሰብ ጋር የተያያዘው ክፍል ነበር። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ግምት፣ አንጎል ልጁን ከሚያሠቃየው ስሜት ለመከለል በዚያው መስመር በኩል ራሱን ይለውጣል የሚል ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህ የብዙ ሰዎች አማካይ ውጤቶች ናቸው፤ ሐኪም የአንድን ሰው የኤምአርአይ ምስል አይቶ «ፒቲኤስዲ አለብህ» ሊል አይችልም። ልዩነቱ ሁሉም በጉዳቱ የመጣ ነው ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የቬትናም ዘማቾችንና ያልዘመቱ መንትያ ወንድሞቻቸውን ያነጻጸረ ጥናት፣ ሂፖካምፐስ አነስ ብሎ የተገኘው በታመሙት ዘማቾች ብቻ ሳይሆን ቤት በቀሩት መንትዮቻቸውም ላይ ነበር።

ልዩነቱን ማወቅ ለሕክምናው ይጠቅማል። የሚደነግጠው ሰው ትዝታውን በባለሙያ እገዛ ቀስ በቀስ መጋፈጡ ደወሉ እንዲበርድ ይረዳዋል። የደነዘዘው ግን ታሪኩን ደጋግሞ ቢያወራም ስሜቱ ከተዘጋ ቃሉ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች መጀመሪያ ወደ አሁኑ ሰዓት ይመልሱታል፦ እግርህ መሬት መንካቱ ይሰማህ፣ ዙሪያህን እይ፣ የምታየውን ጥራ።

ምልክቶቹ ከአንድ ወር ካለፉና ሥራን፣ እንቅልፍን ወይም ከሰው ጋር መኖርን ካወኩ ባለሙያ ማማከር ይገባል። ይህ ለሚጮኸውም ዝም ላለውም እኩል ይሠራል። ዝም ያለውን ግን ሐኪም ጋ የሚወስደው አብሮት የሚኖረው ሰው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ራሱ ምንም እንዳልሆነ ይናገራልና።