ሸረሪቷ ምንም አላደረገችም

ባለፈው ግንቦት ዝናብ በዘነበ ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ማታ አምፖል ስር ሲያጠና አንገቱ ላይ አንድ ነገር ሄደበት። በእጁ ጨፍልቆ ጣለው። በነጋታው ምንም አልነበረውም። በሁለተኛው ቀን ግን አንገቱ በእሳት እንደተጠበሰ መስመር ሠርቶ ቀላ፣ ውኃም ቋጠረ። አያቴ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» አሉ። እናቴም የቤቱን ሸረሪት ሁሉ ጠራርጋ አወጣች።

እኔ ግን የተጨፈለቀውን አይቼው ስለነበር ሥዕሉን ስዬ ለሳይንስ መምህራችን አሳየኋቸው። ፔዴረስ የሚባል የጥንዚዛ ጂነስ ነው አሉኝ። እኔ እኮ ጉንዳን መስሎኝ ነበር!

ጥንዚዛ ስንል ጠንካራው ክንፉ ጀርባውን በሙሉ የሸፈነውን ነው የምናስበው። የዚህ ጠንካራ ክንፍ ግን እንደ አጭር ጃኬት ነው፤ ሆዱ ከኋላ ተራቁቶ ይታያል። መብረሪያ ክንፉ ከጃኬቱ ስር ተጣጥፎ ተቀምጧል። እንዲህ የለበሱት ጥንዚዛዎች አብዛኞቹ ስታፊሊኒዴ በሚባል ፋሚሊ ውስጥ ይመደባሉ። ፋሚሊው ከ60,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከነሱ መካከል ፔዴረስን በ1775 (በፈረንጆች) ስም ያወጣለት ፋብሪሲየስ የሚባል የዴንማርክ ሳይንቲስት ነው።

እንዴት እንለየው? ብዙዎቹ ፔዴረሶች ራሳቸው ጥቁር፣ ደረታቸው ብርቱካናማ፣ አጭሩ ክንፋቸው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው። ሆዳቸው እንደገና ብርቱካናማ ይሆንና ጫፉ ላይ ይጠቁራል። ርዝመታቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሲነኩት ጭራውን እንደ ጊንጥ ያነሳል፤ ግን አይናደፍም፣ አይነክስምም። ጭራው ላይ መቀስ የመሰለ ነገር ካለው ደግሞ ሌላ ነፍሳት ነው፣ ፔዴረስ አይደለም። በቀለም ብቻ ግን የትኛው ዝርያ እንደሆነ መናገር አይቻልም። ለዚያ ሳይንቲስቶች በማይክሮስኮፕ ያዩታል።

ታዲያ ወንድሜን ምን አቃጠለው? በጥንዚዛው ደም ውስጥ ያለው ፔዴሪን የሚባል መርዝ ነው። የሚገርመው መርዙን የሚሠራው ራሱ ጥንዚዛው ሳይሆን ሰውነቱ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። መርዙ የሚወጣው ስንጨፈልቀው ነው፤ ቁስሉ የሚታየው ደግሞ ከአንድ ቀን በኋላ ገደማ ነው። እስከዚያ ጥንዚዛውን ረስተነዋል፣ ሸረሪቷ ግን ግድግዳው ላይ አለች።

ስለዚህ ማታ ላያችሁ ላይ ካረፈ አትምቱት፣ እፍ በሉት ወይም ወረቀት ላይ አውጡት። ከጨፈለቃችሁት ቶሎ በውኃና በሳሙና ታጠቡ፤ በዚያ እጅ ዓይናችሁን እንዳትነኩ! ደግሞም ማሳ ውስጥ ሰብል የሚያጠፉ ትንንሽ ነፍሳትን ይበላል።

የወንድሜ አንገት ድኗል፣ ትንሽ ጠቆር ያለ ምልክት ቀርቶበታል። አያቴ ግን ሥዕሉን እያሳየኋቸውም እስካሁን አላመኑኝም።