ስንዴው ሲታመም ተራራው ምን አገባው?

እ.ኤ.አ. በ2013 መኸር በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ላይ የግንድ ዋግ የሚባለው በሽታ ተነሣ። ቡቃያው አምሮ፣ ዛላው ወጥቶ፣ ገበሬው አጨዳውን ሲጠብቅ ግንዱ ቀላ ያለ ቡናማ ዱቄት ለበሰ፤ ፍሬውም ሟሸሸ። ክፉኛ የተጎዳው ዲገሉ የሚባለው ዝርያ ነበር። ዲገሉን ያወጣው አሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ የወጣውም በ2005 ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ ቁብሳንና ጋለማን የመሳሰሉ በሰፊው ይዘሩ የነበሩ ዝርያዎችን ሲመታ ዲገሉ ስለተቋቋመው፣ ገበሬው ተሻምቶ ዘራው። ብዙ ማሳ በአንድ ዘር ተሸፈነ። ከዚያ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣ፤ ዲገሉ ደግሞ ለእሱ መከላከያ አልነበረውም።

ይህ የስንዴ ታሪክ ብቻ ቢመስልም የብዝኃ ሕይወት ታሪክም ነው። ብዝኃ ሕይወት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው የዱር እንስሳና ደን ነው። ነገር ግን በአንድ ሰብል ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት፣ በአፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት፣ ማሳ ጠርዝ ላይ የሚያብበውን አበባ የምትቀስም ንብ ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ይገባሉ። አርሲ ላይ ጉዳዩ ከጭላሎ ተራራ ጫፍ እስከ ገበሬው ጎተራ ይደርሳል።

ዓለም ይህን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ በሁለት መዝገብ፣ አንዱን ለተፈጥሮ ሌላውን ለልማት ብሎ፣ ይዞት ቆይቷል። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ለፊርማ ቀረበ፤ ኢትዮጵያም በ1994 አጸደቀችው። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ድህነትን፣ ረሃብን፣ በሽታንና የውሃ እጥረትን ለማስወገድ 17 የዘላቂ ልማት ግቦችን ተቀበሉ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ሞንትሪያል ላይ የኩንሚንግ–ሞንትሪያል ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ ጸደቀ፤ እስከ 2030 የሚደረስባቸው 23 ዒላማዎች አሉት። ከእሱ በፊት ለ2020 ተይዘው የነበሩት 20 የብዝኃ ሕይወት ዒላማዎች አንዳቸውም በዓለም ደረጃ ሙሉ በሙሉ አልተሳኩም። አንዱ ምክንያት፣ በእኔ እምነት፣ ሥራው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ብቻ መተዉ ነው። መሬቱን የሚያዙት ግን ግብርና፣ ውሃ፣ መንገድና ገንዘብ የያዙት መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

ሁለቱን መዝገብ መለየት ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ቁጥር አለ። መንግሥታት ያቋቋሙት የብዝኃ ሕይወት ሳይንስ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት ከድህነት፣ ከረሃብ፣ ከጤና፣ ከውሃ፣ ከከተማና ከአየር ንብረት ጋር የተያያዙ 44 የልማት ዒላማዎችን መርምሮ ነበር። የተፈጥሮ መመናመን በዚሁ ከቀጠለ ከ44ቱ የ35ቱን ስኬት ያሰናክላል ሲል ደመደመ።

አሁን ወደ አርሲ እንመለስ። እዚህ ስንዴ እንዲህ የገነነው በድንገት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ፤ ሰው ሁሉ «ካዱ» ይለው ነበር። ማዕከሉ አሰላ ሆኖ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የውጭ ደም ያላቸው የወተት ላሞችን አስፋፋ። ምርቱ በእርግጥ አደገ። ነገር ግን እርሻ ሲያተርፍ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። የምርት ግብ ከመሬት ይዞታ ጥያቄ ተነጥሎ ሲታቀድ ምን እንደሚከተል አርሲ ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች።

ሌላው መዘዝ ቀስ ብሎ የመጣ ነው፤ የዘር መመሳሰል። በየዘመኑ አንድ ጥሩ ዝርያ ይወጣል፣ ይወደዳል፣ አገሩን ይሸፍናል፣ ከዚያ ዋግ ይደርስበታል። ላቀች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ዳሸን በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ እንኮይ በ1993 እና 94፣ ቁብሳ በ2010፣ ዲገሉ በ2013። ተመራማሪዎቹ ተሳስተው አይደለም፤ እያንዳንዱ ዝርያ ሲወጣ ጠንካራ ነበር። ችግሩ ዋግ በነፋስ የሚጓዝና ራሱን የሚለዋውጥ ፈንገስ መሆኑ ነው። ሰፊ መሬት በአንድ ዘር ሲሸፈን፣ ያንን ዘር የሚያሸንፍ አንድ የዋግ ዓይነት ሲፈጠር ከማሳ ማሳ የሚያቆመው የለም።

ማምለጫውም ያለው ልዩነት ውስጥ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ በአገሩ ስንዴና ገብስ ብዛትና ዓይነት ተደንቋል። ከዓመታት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን የሚያቀጭጭና ቢጫ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ ሲገባ መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ ደጋው ላይ መርጦና ጠብቆ ያቆየው ስሙ የትም ያልተጻፈ ገበሬ ነው። ይህን ሀብት ለማዳን በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ጀነቲክ ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም እየተዘራ መጠበቅ አለበት ብለው ሠሩ፤ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ማሳ ላይ ያለ ዘር ከበሽታውና ከአየሩ ጋር አብሮ ይለወጣል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ግን እንደተቀመጠ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የሞንትሪያሉ ማዕቀፍ አራተኛ ዒላማ የዱርም የለማዳም ዝርያዎች የዘር ልዩነት እንዲጠበቅ ያዝዛል። ረሃብን ለማጥፋት የተያዘው ሁለተኛው የልማት ግብ ደግሞ በውስጡ የሰብልና የእንስሳት ዘር ልዩነት ይጠበቅ የሚል ዒላማ አለው። አንዱ ሰነድ ለተፈጥሮ፣ ሌላው ለእህል ተጽፎ አንድ ነገር አዝዘዋል። ቁሉምሳ ላይ አዲስ ዝርያ የሚያወጣው ባለሙያ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እየፈጸመ ነው፤ ይህ ሥራው ግን በሪፖርት ላይ በኩንታል ብቻ ሲመዘን ግማሹ ሳይታይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ኩታ ገጠም እርሻን ማንሳት ግድ ነው። ጎረቤታሞች ማሳቸውን አጋጥመው አንድ ሰብል በአንድ ጊዜ ሲዘሩ ትራክተርና ኮምባይነር ይገባላቸዋል፣ ገበያም ይቀላል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሁሉም ኩታ ገጠም አንድ ዝርያ ከያዘ ለዋግ የተመቸ ሜዳ ተዘጋጀ ማለት ነው። አንዱ ኩታ ገጠም አንዱን ዝርያ፣ አጠገቡ ያለው ሌላውን ቢይዝ፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱም ባቄላ ወይም አተር ቢፈራረቅ ማሽኑም ይሠራል፣ በሽታውም ይገታል፤ ባቄላው ለአፈሩ ናይትሮጅን ይመልሳል፣ ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራ የሚያስቸግሩት ሙጃና ሲናርም ይቀንሳሉ። ይህን ለማድረግ ጄኔቭ ወይም ኒው ዮርክ መሄድ አያስፈልግም፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዘር ስርጭት ዕቅድ ይበቃል።

ስለ ማዳበሪያም አንድ ነገር ላክል። ማዕቀፉ በ2030 ወደ አካባቢ የሚባክነውን ንጥረ ነገር በግማሽ ቀንሱ ሲል «ማዳበሪያ ተዉ» ማለቱ አይደለም። የአርሲ ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ አሲዳማ አፈር ደግሞ ፎስፈረሱን አስሮ ለተክሉ ይነፍገዋል። አሲድነቱን የሚቀንስ ኖራ ያገኘ ማሳ በዚያው ማዳበሪያ የተሻለ ያመርታል። ገበሬው ገንዘቡን አያባክንም፤ ጎርፍ ወደ ወንዝ የሚያጥበውም ያንሳል።

የወንዙ ነገር ወደ ተራራው ይወስደናል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጭላሎ፣ ከጋለማና ከካካ ተራሮች ጋር ሆኖ የሰፊ አገር ውሃ ማማ ነው። የከታር ወንዝ ከእነዚህ ተራሮች ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ቀለታ ወደ አዋሽ ይፈስሳል፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ውሃ ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ፣ ሳሩና ረግረጉ ዝናቡንና ጉሙን ይዘው በበጋ ቀስ እያሉ ይለቃሉ። አስታው ተቆርጦ ለማገዶ ሲወርድ፣ ገብስ ወደ ላይ እየወጣ ሲታረስ፣ ከብት ረግረጉን ሲረግጠው የክረምቱ ውሃ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በበጋ ምንጩ ይደርቃል። ዝዋይ ዳር አትክልት በመስኖ የሚያለማው ሰው ጭላሎን ረግጦ ባያውቅም ኑሮው በዚያ አስታ ላይ የቆመ ነው።

የኦሮሚያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋቁሟል። በዓለም ላይ ከደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋዎች በስተቀር የትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን እዚህ ይኖራል፤ ቀይ ቀበሮም አለ። ማዕቀፉ ከምድር መሬትና ውሃ 30 በመቶው በ2030 ጥበቃ ይደረግለት ይላል። ያው ዒላማ ግን የነባሩ ሕዝብ መብት ይከበር ብሎም ጽፏል። ተራራው ላይ ከብቱን የሚያግድ፣ ማገዶ የሚለቅም ቤተሰብ «ውጣ» ብቻ ከተባለ ዒላማው በወረቀት ላይ ይቀራል፤ አርሲ በካዱ ዘመን ያየችው መፈናቀልም በሌላ ስም ይደገማል። መኖ፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ለማገዶ የሚሆን የራስ ዛፍና ከጥበቃው የሚገኝ ገቢ አብረው መታቀድ አለባቸው።

ቀይ ቀበሮውም አስተማሪ ነው። በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ባሌ ውስጥ ብዙዎቹን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ያመጣባቸውም የመንደር ውሻ ነው። ይኸው በሽታ ሰውንም ይገድላል፤ ከሚሞቱት ሰዎች መካከል ብዙ ሕጻናት አሉ። ውሻን መከተብ ቀበሮውንም ልጁንም ያድናል። እንዲህ ያለው ወጪ በጤና ቢሮ በጀት ይያዝ ወይስ በፓርኩ እየተባለ የሚባክን ጊዜ ያሳዝናል።

ስለዚህ የአርሲ ዞን የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲያወጣ የግብርና፣ የውሃ፣ የእንስሳት ጤናና የፓርኩ ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ካርታ ላይ ይቀመጡ። ከኩንታሉ ጎን ስንት ዝርያ እንደተዘራ፣ ስንት ምንጭ በበጋ እንደፈሰሰ፣ ስንት ውሻ እንደተከተበ ሪፖርት ይደረግ። አንተም ወንድሜ ገበሬ፣ አንቺም እህቴ፣ የመኸር ዘር ለመውሰድ ስትሰለፉ የልማት ሠራተኛውን «ጎረቤቶቻችን ዘንድሮ የሚዘሩት የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «ሁሉም ያንኑ» ከሆነ ሌላ ዝርያ እንዲመጣላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ።