አጃ፦ አውድማ የማይበቃው ስንዴ

በካርቶን ታሽጎ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠውን ሳይሆን፣ የባሌና የአርሲ ደገኛ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራውን አጃ ነው የማስተዋውቃችሁ። ይህኛው የስንዴ ወገን ነው፤ ያውም ከስንዴ ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ። የሰው ልጅ ከዱር አምጥቶ ያላመደው የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። በፈርዖኖች ዘመን የግብፅ ዋነኛ ስንዴ እሱ ነበር። በአክሱም አካባቢ በተካሄደ ቁፋሮም ከስሎ የቆየ ፍሬው ተገኝቷል።

ሌላው ስንዴ በሬ ሲያበራየው ፍሬው ከገለባው ይለያል፤ በመንሽ ወደ ላይ ይበተናል፣ ነፋስ ገለባውን ይወስዳል፣ ሥራው አለቀ። አጃ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ሲወቃ ዛላው ይሰባበርና እያንዳንዱ ስባሪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፍሬ እንዳቀፈ ይቀራል። ቅርፊቱ ድርቅ ያለ ነው። ስለዚህ እህሉ ከአውድማ ወደ ሙቀጫ ይሄዳል። ዘነዘናው ፍሬውን ሳያደቅ ቅርፊቱን ብቻ እንዲያላቅቅ እጅ ልኩን ማወቅ አለበት። የተፈተገው በሰፌድ ይበጠራል፤ ያልለቀቀው ተለቅሞ እንደገና ይወቀጣል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ አጃ ለምን ከማሳ እየራቀ ሄደ ሲባል የእነሱ ክንድ መዛሉ መነሳት ያለበት ይመስለኛል። በአንጻሩ ያ አስቸጋሪ ቅርፊት ጎተራ ውስጥ ፍሬውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል።

ተከክቶ ቅንጬ፣ ተፈጭቶ ገንፎ ይሆናል። ቅቤ በገባበት የአጃ ገንፎ አራስ ትጠገናለች፤ አጥንቱ የተሰበረም ሰው ይደገፍበታል።

አጃ ከማሳ ማፈግፈጉ ድንገት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ ጭላሎ ላይ የተጀመረው ካዱ የተሰኘው የግብርና ልማት ሥራ ማዳበሪያንና የተሻሻለ የዳቦ ስንዴን ለአርሲ ገበሬ አስተዋወቀ። ኋላም ኮምባይነር መጣ፤ የዳቦ ስንዴን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ንጹሕ ፍሬ ጆንያ ውስጥ ያፈሳል። በሄክታር አነስተኛ ምርት የሚሰጥ፣ ከዚያም ላይ ሙቀጫ የሚጠይቅ እህል በምን ይወዳደር? ገበሬው አልተሳሳተም፤ ልጆቹን በሚያበላው ዘር ላይ አተኮረ።

ጣጣው ሰፊ ማሳ በአንድ ዝርያ ሲሸፈን ነው። እንቆይ የተባለው ተወዳጅ ስንዴ እ.ኤ.አ. በ1993 እና 1994 ግንድ ዋግ በተባለው የስንዴ በሽታ ተመታ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ ሌላ የዋግ ዓይነት ባሌ ላይ አወደመው። አጃን እዚህ ላይ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኤድጋር ማክፋደን የተባለ አሜሪካዊ ያሮስላቭ የተሰኘ አጃ ከዳቦ ስንዴ ጋር አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ አወጣ፤ ከዚያ አጃ የመጣው የመቋቋም ባሕርይ ዛሬም በብዙ አገር ስንዴ ውስጥ አለ።

የእኛ የአጃ ዘሮች እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ በተቋቋመው የዘረመል ባንክ ተሰብስበዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር በየዓመቱ ከሚለዋወጠው ዋግ ጋር አይተዋወቅም፤ ማሳ ላይ ያለው ግን አብሮት ይለወጣል። ማሳ ላይ እንዲቆይ ደግሞ ገበያ ያስፈልገዋል። ጋርፋኛና የተባለችው የጣልያን አካባቢ የራሷን አጃ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ ስሙን አስጠብቃ ትሸጣለች። ባሌም ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም፦ በየወፍጮ ቤቱ ቅርፊት የሚያላቅቅ አንድ ማሽን ይተከል፣ ከተማ ላይም ቅንጬውን በስሙ የሚገዛ ነጋዴ ይኑር።