ቴሌቪዥን ከመግዛት በፊት፣ ከተበላሸም በኋላ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ የጉናን ተራራ ታክኮ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ተጓዡ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር ቴሌቪዥን ገዝቶ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ የሚመለስ ሰው፣ ዕቃው ቢበላሽበት ወደ ሻጩ ለመመለስ ጊዜም የመጓጓዣ ገንዘብም እንደገና ማውጣት አለበት። ስለዚህ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገዢ የዕቃው ምርጫና የመብቱ ጉዳይ ተነጣጥለው የሚታዩ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ሊታወቅ ይችል የነበረ ጉድለት ቤት ከደረሰ በኋላ ቢታወቅ ዋጋው እጅግ ይበዛል።

በመጀመሪያ የምስሉን ጥራት እንመልከት። ጤናማ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ቢያንስ የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ሲሆን ነው። በ3 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ማዕዘን ከ0.9 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያነሰ ስፋት ይሆናል። ባለ43 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 54 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ቁመት 1080 መስመር ያለው እንደሆነ የአንዱ መስመር ስፋት 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህም ማለት ከሦስት ሜትር ርቀት ለሚመለከት ቤተሰብ የ1080 መስመሩ እንኳ ዓይን ከሚለየው በላይ ነው። ባለ2160 መስመሩን፣ ማለትም በተለምዶ ፎርኬ የሚባለውን ለማጣጣም ተመልካቹ ወደ ስክሪኑ ከሁለት ሜትር በታች መጠጋት ይኖርበታል። በጠባብ ሳሎን ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል፣ በጸሐፊው አስተያየት፣ ትርፉ ከሻጩ በቀር ለማንም አይደለም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በካርቶኑ ላይ «ፎርኬ ይቀበላል» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ስክሪኑ ራሱ ያን ያህል መስመር አለው ማለት አይደለም፤ የገባለትን ምስል አሳንሶ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። የሚጠየቀው የስክሪኑ የራሱ የነጥብ ብዛት ነው። ገዢው በፍላሽ ላይ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁርና ደቃቅ ጽሑፍ ያለባቸውን ምስሎች ይዞ ቢሄድ በነጩ ላይ የሞቱ ነጥቦችን፣ በጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃንን፣ በጽሑፉ ደግሞ እውነተኛውን ጥራት ይለያል። ፈትሾ ማየት ነውር አይደለም።

የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰበት ቤት ከሆነ ከስክሪኑ ስፋት በፊት ዋቱ ይታሰብ። 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሶላር ባትሪ በስሌት 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ይሁንና የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወርድ ይመረጣል። 50 ዋት የሚፈጅ ቴሌቪዥንና 20 ዋት የሚፈጅ ሪሲቨር አንድ ላይ ቢሠሩ የቀረው 600 ዋት ሰዓት ለስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃል። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ቴሌቪዥን ከተገኘ ደግሞ በኢንቨርተር የሚባክነው ኃይል ይተርፋል።

የመንግሥት መስመር ባለበት ቤት ዋናው ጠላት የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። በዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ኃይል ሲደክም በቀላሉ አይጎዳም። የሚጎዳው ሲበዛ ነው። ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ከፍተኛ ጫፉ 311 ቮልት ነው፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር 400 ወይም 450 ቮልት የሚችል በመሆኑ ይህን ይሸከማል። ነገር ግን በሦስት ፌዝ መስመር ላይ የኒውትራሉ ሽቦ ቢበጠስ አንዳንዱ ቤት እስከ 380 ቮልት ሊደርሰው ይችላል፤ የዚህ ጫፍ 537 ቮልት ነው። ካፓሲተሩ ያብጣል ወይም ይፈነዳል፣ ፊውዙም ይቃጠላል። ስለዚህ በሰፊ ቮልቴጅ ለሚሠራ ቴሌቪዥን ከከባድ ስታቢላይዘር ይልቅ ቮልቴጁ ሲበዛ የሚያቋርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ይሻላል። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ግን ሶኬቱንም የዲሹንም ገመድ መንቀል እንጂ ሌላ መላ የለም።

ከፍታም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በነፋስ መውጫ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በ30 በመቶ ያህል ያንሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ከግድግዳ ማራቅና በጨርቅ አለመሸፈን ይገባል። በብርድ ሌሊት ተጭኖ የመጣ ቴሌቪዥን ሙቅ ቤት ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራልና ሁለት ሰዓት ያህል ሳይሰካ ይቆይ። በመኪና ሲጫንም እንደ ቆመ እንጂ ተጋድሞ አይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቴሌቪዥኑ ቢበላሽስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል፤ ሻጩ የሰጠው የተሻለ ዋስትና ካለም እርሱ አይቀርም። ይህ መብት ከአዋጁ የመጣ እንጂ ሻጩ በችሮታ የሰጠው አይደለም። ከዚህ በፊት የወጣው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን እንደ ተረከበ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ፣ ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ መብቱን እንዲጠይቅ ያዛል።

ክርክሩ የሚነሣው ግን በሕጉ ሳይሆን በማስረጃው ላይ ነው። ሻጩ «መብራት አቃጠለብህ» ይላል፤ ገዢው «ሲሸጥልኝም ጤነኛ አልነበረም» ይላል። እዚህ ላይ ፊዚክስ ይረዳል። ድምፅ እያለ ምስል ከጠፋ በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ ስክሪኑ ላይ አብርቶ አተኩሮ መመልከት ነው፤ ደብዛዛ ምስል ከታየ የተበላሸው የኋላ መብራቱ ነው። መብራቶቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲቋረጥ መላው ረድፍ ይጨልማል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲደርስ የአሠራር ጉድለትን ያመለክታል። ያበጠ ካፓሲተርና የተቃጠለ ፊውዝ ግን ወደ መስመሩ ያመለክታሉ። ይህን የሚያረጋግጠው ባለሙያ ይሁን፤ ገዢው ራሱ ማኅተሙን ቀድዶ ከከፈተው ክርክሩን በገዛ እጁ አበላሸው ማለት ነው።

ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሞዴልና የሴሪያል ቁጥሩ እንዲጻፍ ይጠየቅ፤ ካርቶኑም ቢያንስ 15 ቀን ይቀመጥ። ጉድለት ሲገኝ አቤቱታው በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ ቀን ተጠቅሶ፣ በአንዱ ላይ ሻጩ ይፈርምበት። አልፈርምም ካለ አቤቱታው ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። በአዋጁ የተቋቋመው የፌዴራሉ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ተግባሩ ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለ ተዛወረ፣ የቀድሞውን ስም ይዞ አዲስ አበባ ድረስ መጻፍ ለነፋስ መውጫ ወይም ለወገዳ ገዢ ከ15 ቀኑ ላይ ጥቂቱን ማባከን ይሆናል።