ክሊንተን ይቅደም ወይስ ጎር?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1997 ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት አሜሪካውያንን ሁለት ጥያቄ ጠየቀ። ፕሬዝዳንቱ ቢል ክሊንተን ሐቀኛና እምነት የሚጣልበት ሰው ነው? ምክትሉ አል ጎርስ? ግማሾቹ ስለ ክሊንተን፣ ግማሾቹ ስለ ጎር ቀድመው ተጠየቁ። በቅድሚያ ሲጠየቁ ክሊንተንን ሐቀኛ ያሉት 50 በመቶ፣ ጎርን 68 በመቶ ነበሩ። ሁለተኛ ሲጠየቁ ግን ክሊንተን ወደ 57 ከፍ፣ ጎር ወደ 60 ዝቅ አለ።

ቀድሞ የተነሳው ሰው ለቀጣዩ መመዘኛ እንደሚሆን የሕዝብ አስተያየት ባለሙያዎች ድሮም ያውቁ ነበር። የጎደላቸው ለውጡ የሚከተለውን ሕግ የሚናገር ቀመር ነበር።

ቀመሩ የተገኘው ከፊዚክስ ሰፈር ነው። ቨርነር ሃይዘንበርግ በ1925 የአቶምን ጠባይ ሲያሰላ፣ ሁለት መጠኖች ሲባዙ የትኛው እንደቀደመ ውጤቱን እንደሚለውጠው አየ። በኳንተም ዓለም የመጀመሪያው ልኬት የሚለካውን ነገር ራሱን ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ልኬት የሚያገኘው የተለወጠውን ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ጄሮም ቡሴማየርና የኦሃዮ ስቴቷ ዜንግ ዋንግ ጥያቄን እንደ ልኬት፣ አቋምን እንደሚለካው ነገር ቆጠሩት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ አላምነውም ነበር። ኳንተምንና አእምሮን፣ ሁለቱም ረቂቅ ስለሆኑ ብቻ፣ የሚያጋቡ መጻሕፍት ሞልተዋል። እነዚህ ሁለቱ ግን ሒሳቡን ገፍተው አንድ ደፋር ትንበያ አወጡ፦ ለአንዱ «አዎ» ለሌላው «አይደለም» የሚሉ ሰዎች ጠቅላላ ድርሻ፣ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥም አይለወጥም። ከመረጃው ጋር እንዲገጥም እንደ ፍላጎት የሚስተካከል አንድም ቁጥር የለበትም፤ ከሳተ ሳተ ነው።

ወደ ጋሉፕ መልሶች ተመለሱ። ክሊንተን ሲቀድም ይህ ድርሻ 22 በመቶ ገደማ ነው። ጎር ሲቀድምም 22 በመቶ ገደማ! የሁለቱ ሰዎች ተቀባይነት እንደዚያ ሲዋዥቅ ይህኛው ንቅንቅ አላለም። በ2014 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ደግሞ 70 አገር አቀፍ ጥናቶችን ፈተሹ፤ እኩልነቱ በአመዛኙ ጸና።

ያልጸናበት ቦታም አስተማሪ ነው። ስለ ሁለት የቤዝቦል ተጫዋቾች፣ ስለ ፒት ሮዝና ስለ ሹለስ ጆ ጃክሰን፣ በቀረበ ጥያቄ እኩልነቱ ፈረሰ። መጠይቁ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በፊት የተጫዋቹን ታሪክ ይነግር ነበር፤ ቀመሩ ደግሞ የሚሠራው በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል አዲስ መረጃ ካልገባ ነው።

ቡሴማየርና ዋንግ የአንጎል ሴሎች በኳንተም ሕግ ይሠራሉ አላሉም፤ የተዋሱት ሒሳቡን ነው። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ እኩልነት በመደበኛው የፕሮባብሊቲ ሒሳብም ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ስለዚህ አሁን የሚፈለገው ሁለቱ ሒሳቦች የተለያየ ውጤት የሚተነብዩበት ጥያቄ ነው።