ሥራውስ ተሠራ፤ ምን ተገኘ?

ግምገማ የሚለው ቃል በአገራችን ስሙ ከፍቷል። ቃሉ ሲነሣ ብዙው ሠራተኛ ትዝ የሚለው የስብሰባ አዳራሽ፥ ሒስና ግለ ሒስ ነው። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ሰውን ሳይሆን ሥራን የሚመዝነውን ግምገማ ነው። ይኸውም አንድ ድርጅት ገንዘብ ያወጣበት ፕሮግራም የታሰበለትን ሰው በእርግጥ ጠቅሞት እንደ ሆነ አጣርቶ ማወቅ ነው።

በልደታ ማርያም አካባቢ ወጣቶችን የሚያሠለጥን አንድ ድርጅት አለ እንበል። በዓመቱ መጨረሻ ከሠልጣኞቹ ግማሹ ሥራ ያዙ ሲል ሪፖርት ያወጣል። እሰየው! ነገር ግን ባይሠለጥኑስ ኖሮ ስንቶቹ ሥራ ይይዙ ነበር? ሪፖርቱ ለዚህ መልስ የለውም፤ ጥያቄው አስቀድሞ አልታሰበምና።

ይህን አስቀድሞ ያሰበ ሥራ እዚሁ አዲስ አበባ ተሠርቷል። በ2006 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ከመኻል ከተማ ራቅ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ፥ ቋሚ ሥራ የሌላቸው 3,000 ያህል ወጣቶችን መዘገቡና በየሰፈራቸው በዕጣ ለዩአቸው። አንዱ ወገን የሥራ ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት መኻል ከተማ የሚመላለስበት የታክሲ ገንዘብ በሳምንት እስከ 3 ጊዜ ተሰጠው። ሌላው ወገን፥ ከልደታ እምብዛም የማይርቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ባዘጋጀው አጭር ሥልጠና፥ የማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ አቀራረብ ተማረ፤ ችሎታውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። የቀረው ወገን ምንም ሳይሰጠው ለማመሳከሪያ ተያዘ።

ይህስ ግፍ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለሁሉ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ ግን ከዘመድ አዝማድ ዕጣ ይሻላል፤ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲታደል ላየ የልደታ ሰው ይህን እኛ አንነግረውም።

ከወራት በኋላ ሲጣራ፥ በጠቅላላው ሥራ ያገኘው ሰው ብዛት ከማመሳከሪያው ወገን እምብዛም አልተለየም። የተለየው የሥራው ዐይነት ነበር፤ በጽሑፍ ውል የሚያዝ ሥራ በማግኘት ሁለቱም ወገኖች በለጡ። «ስንቱ ሥራ ያዘ?» ተብሎ ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ ሁለቱም ፕሮግራሞች ከንቱ በተባሉ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲጠየቅ ደግሞ፥ የታክሲው ገንዘብ ጥቅም ጠፍቶ፥ የሠለጠኑት ገቢ ግን ከማመሳከሪያው ወገን በ20 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። አንዱን ፕሮግራም ከሌላው የለየው ዘግይቶ የመጣው ጥያቄ ነው።

ድርጅቶቻችን ይህን ሁሉ ሰው መከታተል አይችሉም፤ አይጠበቅባቸውምም። ነገር ግን ከቦታው ብዛት ይልቅ አመልካቹ ሲበዛ፥ ቦታ ያጡትን ስም መዝግቦ ከዓመት በኋላ እነርሱንም መጠየቅ ይቻላል። ለዚህም ገና ከመነሻው በጀት መያዝ ያስፈልጋል፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ ማን ይጠይቃል? የመልስ ሰጪው ስልክ ብቻም አይበቃም። በዚህች ከተማ ሰው ቤትም ስልክም ይቀይራልና የዘመድ ወይም የጎረቤት ቁጥር ጭምር ይያዝ። ጠያቂውም አሠልጣኙ ራሱ ባይሆን መልካም ነው፤ በአገራችን ይሉኝታ እያለ፥ ያስተማረውን ሰው ፊት ለፊት «ምንም አልረባኝም» የሚል ሠልጣኝ ከወዴት ይገኛል?