አኮርዲዮን በኢትዮጵያ ሙዚቃ

አኮርዲዮን ወናፉ በሚገፋውና በሚስበው አየር ውስጡ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ሲርገበገቡ ድምፅ የሚሰጥ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሲሪል ዴሚያን በዚህ ስም የሠራውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1829 በቪየና አስመዝግቧል። አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጅ ዜማውን ይጫወታል፤ ግራ እጅ ወናፉን እያንቀሳቀሰ የባስና የአኮርድ ቁልፎችን ይጫናል።

በኢትዮጵያ ስሙ ከአኮርዲዮን ጋር አብሮ የሚነሣው የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ከባንዱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህደው፣ ሁሉንም ራሳቸው ተጫውተው ቀረጹ። የካሴቱ አንድ ቅጂ ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር።

መሣሪያው ከአምስት ድምፅ ዜማ ጋር ይስማማል? ስኮትላንዶች በአኮርዲዮን የሚጫወቷቸው ብዙ የባህል ዜማዎች በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ዜማዎቹን የሚለያያቸው ምቱና አጨዋወቱ ነው።

ችግሩ ያለው በግራ እጅ ነው። አንድ የአኮርድ ቁልፍ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ይከፍታል። በትዝታ ሜጀር የፋ አኮርድ ፋን፣ የሶል አኮርድ ደግሞ ሲን ያስገባል፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ንጹሕ ሆነው የሚቀሩት ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ብቻ ናቸው። በወሎ ስፍራ ስም የሚጠራው አምባሰል የባሰ ነው፦ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት ስለሆኑ፣ በመነሻው በዶ ላይ የሚሠራ ሜጀርም ሆነ ማይነር አኮርድ ባዕድ ድምፅ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አኮርዱን ትቶ አንድ የባስ ድምፅ ብቻ ይዞ መቆየት ይሻላል፤ የስኮትላንድ ባግፓይፕም ከዜማው ሥር የማይቋረጥ ድምፅ ያሰማል።

ሌላው ልዩነት ከማሲንቆ ጋር ሲነጻጸር ይታያል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ አንሸራትቶ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ማሰማት ይችላል፤ የአኮርዲዮን ምላስ ግን አስቀድሞ የተቃኘ ነው። ተጫዋቹ ይህን የሚያካክሰው ጎረቤት ቁልፎችን በፍጥነት በማፈራረቅና ወናፉን በመቆጣጠር ነው፤ ጠበቅ አድርጎ ሲገፋ ድምፁ ይጎላል፣ ሲያላላው ይሳሳል።